ቺንጋ ፈትቶ ኤሲ ማጥፋት

መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠራ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ኤሲ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ስናይ «ምናለ ቢያጠፋው» እንላለን። ማጥፋት ራሱ ግን ስንት ጣጣ እንደነበረው ያወቅነው ታሪኩን ስናገላብጥ ነው።

ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ1939 መገባደጃ፣ ለ1940 ሞዴሎቹ ማቀዝቀዣ ከፋብሪካ ገጥሞ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ዋጋው 274 ዶላር ነበር፤ ያኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ማቀዝቀዣው ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ተቀምጦ የሻንጣውን ቦታ ግማሽ ይወስዳል። ይሄ ሁሉ ይሁን። የሚያስቀው ኮምፕረሰሩ ነው። ፍሪሲዮን የለውም፤ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ይዞራል፣ በሚኒሞም ቢሆን። ባለመኪናው ለማቆም ሞተር ያጠፋል፣ ኮፈን ይከፍታል፣ ቺንጋውን ይፈታል። ክረምት ሲመጣ እንደዚያ፣ በጋ ሲመለስ ደግሞ መልሶ መግጠም። ሀብታም ሆኖ እጅን በግራሶ ማቆሸሽ! ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1941 ነገሩን ተወው።

ከጦርነቱ በኋላ ሌሎች ቀጠሉ። ናሽ እ.ኤ.አ. በ1954 ሁሉንም ዕቃ ወደ ፊት አምጥቶ በ345 ዶላር ሸጠ። በ1969 አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከግማሽ በላይ ኤሲ ነበራቸው።

ቆሞ የማቀዝቀዝ ችግር ግን አብሮ መጣ። ኤሲው ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት የሚያራግፈው ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ነው፤ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ይወስድለታል። ሲቆም ያለው ማራገቢያው ብቻ ነው። የድሮው ማራገቢያ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ስለሆነ፣ እጅግ በተፈለገበት ሰዓት፣ በሚኒሞ፣ ይሰንፋል። ትራፊክ ውስጥ ውሃ ይፈላል። በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ሲመጣ ይህ በአብዛኛው ቀረ። ለኛ ግምት ያኔ ነው ሰው ሰዓታት ቆሞ መቀመጥ የለመደው፤ የሚቀጣው የለማ።

ቅጣቱ ሌላ ቦታ ሄደ። ለአንድ ሜትር መንገድ እንኳ የማይሆን ነዳጅ ይቃጠላል። ሞሊናና ሮውላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 እንደ ፍሪዮን ያሉ ጋዞች የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዱ አሳዩ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። በ1990ዎቹ የተተካው ጋዝ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ሲያመልጥ፣ በክብደት ሲለካ፣ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል ባዮች ነን። ሰመራ ላለው አንፈርድም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ለማንም አይሆንም፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ኤሲውም አያጣራውም።