የጆንስ ደሴት የማታ ትምህርት ቤት

በአሜሪካ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በቻርልስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በጆንስ ደሴት፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ተወላጆች ጉላ የሚባለውን አነጋገራቸውንና የአባቶቻቸውን ዝማሬ ጠብቀው ይኖሩ ነበር። ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ ገና በ18 ዓመታቸው፣ በ1916 እ.ኤ.አ.፣ ወደዚያች ደሴት ለማስተማር በሄዱ ጊዜ፣ እሳቸውና አንዲት ባልደረባቸው ብቻ 132 ጥቁር ሕፃናትን ሲይዙ፣ ከመንገዱ ማዶ የነበረችው ነጭ መምህርት 3 ልጆችን እያስተማረች ከእሳቸው እጥፍ የሚበልጥ ደመወዝ ትቀበል ነበር። ስለ ዘር ፍትሕ የሚጽፍ ሰው ከማናቸውም ሐተታ አስቀድሞ ይህን ቢያስተውል እወዳለሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላም መምረጥ የሚሻ ጥቁር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ እንዲያነብ ይገደድ ስለ ነበር፣ የደሴቲቱ ሰው አቶ ኢሳው ጄንኪንስ ሠራተኞችን በአውቶቡሳቸው ወደ ከተማ ሲያመላልሱ በመንገድ ላይ አንቀጹን ያስጠኑ ነበር፤ ነገር ግን በቃል መያዝ ማንበብ አይደለምና፣ በጥር 1957 በወይዘሮ ሴፕቲማም እገዛ ከአንድ ሱቅ በስተኋላ ባለው ክፍል የማታ ትምህርት ተከፈተ፤ ነጮቹም እንዳይጠረጥሩ በፊት ለፊቱ ሸቀጥ ይሸጥ ነበር። መምህርት ሆነው የተመረጡት ከዚያ በፊት አስተምረው የማያውቁት ጸጉር ሠሪዋ ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን ነበሩ። እሳቸውም ይዘዋቸው የመጡት የሕፃናት መጻሕፍት በእርሻ ለደከሙ አዋቂዎች እንደማይገቡ ባዩ ጊዜ ወደ ጎን አድርገው፣ ምን መማር እንደሚሹ ጠየቋቸው፤ እነርሱም ስማቸውን መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ፣ በፖስታ የሚላክ የገንዘብ ማዘዣ መሙላት አሉ። ስማቸው በካርቶን ላይ ተጽፎላቸው፣ እጃቸው እስኪለምደው ድረስ ፊደሉን በእርሳስ ተከተሉት። አንዲት የ65 ዓመት ሴትም፣ በሰሌዳው ከተጻፉት ስሞች መካከል የራሳቸውን ባወቁ ጊዜ፣ ማስመሪያውን ከመምህርቷ እጅ ወስደው ፊደል በፊደል እየጠቆሙ ስማቸውን አነበቡ።

ፕሮፌሰር ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስ የተማሪውን ባህልና ኑሮ የማስተማር መሠረት የሚያደርገውን ትምህርት በ1995 በጥናት ሲያቀርቡ፣ ግብሩ በዚያ ጓዳ ከተፈጸመ 38 ዓመት አልፎት ነበር። የሊቃውንቱ ስያሜ ክብር ይገባዋል፤ ቀዳሚነቱ ግን የጸጉር ሠሪዋና የገበሬዎቹ ነው።

ወይዘሮ ሴፕቲማ የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረውን ማኅበር አልተውም በማለታቸው በ1956 ከመምህርነታቸው ተሰናብተው ጡረታቸውንም ተነፍገው ነበር፤ ደቡብ ካሮላይና ያንን ጡረታ የመለሰችላቸው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1976 ነው።