አር የጻፋችሁትን ከየት ያውቃል?

ትናንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለ። «መምህር፣ በአር የራሴን ፈንክሽን ጽፌ ስድስት ግራፍ አወጣሁ። ሁሉም ዘንጉ ላይ ‹ኤክስ› ይላሉ። ፕሎትን በቀጥታ ስጠራው ግን ‹ዕድሜ›፣ ‹ክብደት› እያለ ራሱ ይጽፍልኝ ነበር!» መልሱን ስጀምርለት መኪናው ከደባርቅ ወጥቶ ሊማሊሞን ይዞ ኖሮ ኔትወርኩ ጠፋ። ስለዚህ እዚህ ልጨርሰው። እናንተም አብራችሁ ስሙ፣ ታሪኩ ይጥማል።

ገብስ ፈለጋችሁ እንበል። ብዙ ቋንቋዎች ፈንክሽኑን ከመጥራታቸው በፊት ገበያ ሄደው ገብሱን ገዝተው ያስረክቡታል። እሱ እጁ ላይ ያለው ገብስ ብቻ ነው፤ ምን ተብሎ እንደታዘዘ አያውቅም። አር የሚያስረክበው ግን የትእዛዙን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ «ገብስ» የሚለው ቃል አለ፣ ከየትኛው ገበያ እንደሚገዛም (ከዳባት ነው ወይስ ከደባርቅ?) አብሮ ተይዟል። ይህ ወረቀት ፕሮሚስ ይባላል። ፈንክሽኑ ሲያስፈልገው ገበያ ይልከዋል፤ ካላስፈለገው ጭራሽ አይገዛም። ሰብስቲቲዩት የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ሳይገዛ ጽሑፉን ብቻ ያነባል። ፕሎት የዘንጉን ስም የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ሐሳቡ የአር ፈጠራ አይደለም። አርጉመንትን ሳያሰሉ ማሳለፍ በአልጎል 60 ጊዜም ነበር። ጽሑፉን ማንበብን ለስታቲስቲክስ ያመጣው ግን ኤስ ነው፣ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤል ላብስ የሠሩት ቋንቋ። እነሱ ያሰቡት ስለ ፕሮግራመር ሳይሆን ዳታው ፊት ተቀምጦ አንድ መስመር ጽፎ ግራፍ ስለሚያይ ሰው ነበር። ለእሱ የዘንጉ ስም በራሱ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። በ1988ቱ የኤስ መጽሐፍ ሰብስቲቲዩትም፣ ዘግይቶ ማስላትም አሉ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ለማስተማሪያ የሚሆን ነገር ሲፈልጉ ስኪምን የመሰለ ትንሽ አስተርጓሚ ሠርተው የኤስን ልብስ አለበሱት። ገበያውን በትክክል የመያዙ ነገር የመጣው ከስኪም ነው፤ ስም የሚፈለገው በተጻፈበት ቦታ ነው እንጂ በተጠራበት አይደለም። በ1995 ነጻ ሶፍትዌር ሆነ፣ 1.0.0 ደግሞ የካቲት 29 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ዋጋው ግን አለ፤ እኔ በበኩሌ ለፕሮግራም ጽሑፍ ይህን ምቾት ብዙም አላምነውም። ሰብሴት የሚባለው ፈንክሽን እንኳ የራሱ መመሪያ ላይ «በቀጥታ ሲሠራ ይመቻል፣ ፕሮግራም ውስጥ ግን በቅንፍ መምረጥ ይሻላል» የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ወረቀቱ ሳይከፈት ቆይቶ ገበያው ከተለወጠም ሌላ ጣጣ ነው። ላፕላይን በመሳሰሉት ላይ የተፈጠሩ ፈንክሽኖች የተሳሳተ ዋጋ ይዘው ይገኙ ነበርና፣ በ2015 በወጣው 3.2.0 ወረቀቱ ወዲያው እንዲከፈት ተደረገ።

ወደ አንተ ስመለስ፦ ፕሎት ያየው ያንተን ፈንክሽን ወረቀት ነው፤ እሱ ላይ የተጻፈው ደግሞ «ኤክስ» ነው። «ዕድሜ» የሚለው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ በፈንክሽንህ የመጀመሪያ መስመር ላይ ኤክስን በሰብስቲቲዩት ያዘው፣ በዲፓርስ ወደ ጽሑፍ ቀይረው፣ ከዚያ ለፕሎት የዘንግ ስም አድርገህ ስጠው። መጀመሪያ ያልኩህ ያለምክንያት አይደለም፤ ኤክስን አንዴ በአዲስ ዋጋ ከተካኸው ወረቀቱ የለም፣ ሰብስቲቲዩት የሚሰጥህ ቁጥሮቹን ነው። እኔ በዚህች ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አድሬያለሁ።

ዛሪማ ስትደርስ ሞክረውና ጻፍልኝ።