ደረጃውን የለወጠ ቡድን ስለ ምን ይጠብቃል?
(በራዲዮ የተነገረ)

በመሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ሳይፈጽም ሙሉ መብት እንደማያገኝ ታውቃላችሁ። ይህን የመሰለ ሥርዓት በአሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ ጨዋታም አለ። ታሪኩን ባጭሩ ለመናገር እወዳለሁ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

የኮሌጆቹ ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የመጀመሪያውን የሆኪ ሻምፒዮና በ1948 ዓ.ም. በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲያደርግ ተወዳዳሪዎቹ 4 ብቻ ነበሩ፤ ሚሺጋንም ዳርትመዝን 8 ለ4 አሸነፈ። በ1973 ዓ.ም. ግን ማኅበሩ አባሎቹን በ3 ምድብ ከፈላቸው። ከምድብ ወደ ምድብ የሚዛወረውም የሽግግር ጊዜ አለበት፤ ይኸውም ከታላላቆቹ ጋር እየተጫወተ ለሻምፒዮናው ሳይታጭ ይቆያል ማለት ነው። ዓላማው፥ አዲሱ ገቢ የላይኛውን ምድብ ወጪና ደንብ መሸከም መቻሉን አስቀድሞ እንዲያስመሰክር ነው።

የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ተመልከቱ። ይህ የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት በ1983 ዓ.ም. የሁለተኛው ምድብ፥ በ1985 ዓ.ም. የሦስተኛው ምድብ ሻምፒዮን ነበር። በ2005 ዓ.ም. ሌሎቹን ስፖርቶች በሦስተኛው ምድብ ትቶ የወንዶች ሆኪ ቡድኑን ብቻ ወደ አንደኛው ምድብ አወጣ። በ2006–07 የጨዋታ ዘመን የአትላንቲክ ሊግን በአንደኝነት ፈጸመ፤ ነገር ግን ሽግግሩ ስላላለቀ የዋንጫው በር ተዘጋበት። በዚያ ዓመት ትምህርታቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ያን ዕድል ዳግመኛ አላገኙም።

በ2010 ዓ.ም. በሩ ተከፍቶ ነበርና፥ ያው ቡድን ለተጫዋቾቹ የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ሳይፈቀድለት ዴንቨርን 2 ለ1፥ ኒው ሃምፕሺርን 6 ለ2 ረትቶ ከመጨረሻዎቹ 4 ቡድኖች አንዱ ሆነ። በዲትሮይት በዊስኮንሲን 8 ለ1 ቢሸነፍም፥ ከሊጉ ቡድኖች እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

እንግዲህ ሕጉ አግባብ ያለው ነው፤ ሸክሙ ግን እኩል አይወድቅም። የኮሌጅ ዕድሜ ረጅም ነው፤ የተማሪ የጨዋታ ዘመን ግን ጥቂት ዓመት ነው። ማኅበሩም በ2025 ዓ.ም. ኮሌጁ በሙሉ ከሁለተኛው ምድብ ወደ አንደኛው ሲዛወር የሚጠብቀውን 4 ዓመት፥ የተወሰነውን መመዘኛ ለሚያሟላ ወደ 3 አሳጠረው። ደንብ የሚያወጣ ሰው ሁሉ፥ የመጠበቂያው ጊዜ ከማን ዕድሜ ላይ እንደሚቈረጥ አስቀድሞ ሊመዝን ይገባዋል።