እናቶቻችን የት ይዝናኑ ነበር? ከፍል ውኃ እስከ እንጦጦ ፓርክ

ባለፈው የበጀት ስብሰባችን ብዙ ሰዓት የወሰደብን የቁጠባው ወለድ ወይም የተዘዋዋሪ ብድሩ ጉዳይ አልነበረም። «የአባላት መዝናኛ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ስለሆንን መስመሯ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች እናውቃለን። በዓመት አንድ ቀን ለአውቶቡስ ኪራይ፣ ለምሳና ለቡና የምትወጣ ናት፤ ከምናወጣው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሁለት ብር አትሞላም። ያም ሆኖ ከአባላት መካከል «ይህ ገንዘብ ለአንዲት እህታችን ምጣድ አይገዛም ወይ?» የሚል ተነሣ። ከሚረዱን ወገኖችም አንዱ ወጪው በየትኛው ዓላማችን ሥር እንደሚመደብ በትሕትና ጠየቁን። ደረሰኙ በእጃችን ነበር፣ መልሱ ግን አልነበረንም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። እኛም እስከዚያው ታላላቆቻችንን ጠየቅን፣ ያገኘነውንም አነበብን። ለአባሎቻችንም ለሚረዱንም ወገኖች የምናቀርበው ይህንኑ ነው።

ከሩቅ እንጀምር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በመዝናኛ ምክንያት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። በ1870ዎቹ ምኒልክ ከነሠራዊታቸው እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ለጠላት አይመችም፣ ለነዋሪውም እንዲሁ። ብርዱና ነፋሱ፣ የክረምቱ በረዶ፣ በዚያ ላይ የማገዶ ችግር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ በየጊዜው ወደ ፍል ውኃ ይወርድና ድንኳን ጥሎ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ሙቀቱን ጠግቦ ይመለስ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ ሄደው ሳሉ ወይዘሮ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራበት አደረጉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። (እቴጌ የተባሉት በኋላ ነው፤ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ ወዲህ።)

ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው «የዋና ከተማ ምሥረታ» በሚል ርእስ ነበር። አንዲት ሴት ልትታጠብና ልታርፍ ወርዳ፣ ቦታው ተስማምቷት፣ አልመለስም እንዳለች አድርጎ የነገረን አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ድንኳኑ ሥር እንጀራ የጋገሩት፣ ውኃ የቀዱት፣ ልብስ ያጠቡት ሴቶች ያን ቀን አረፉ ወይ ብሎ የጻፈም አላገኘንም። የእኛ አያቶች ከእነዚያ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከተማው ወደ ታች ሲወርድ የእኛ አካባቢ የኤምባሲዎች ሰፈር ሆነ። ምኒልክ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ለጋሲዮን የሰጡት ቦታ በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ዛሬም የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ዘመን የሕዝብ መዝናኛ ከተባለ ጃንሜዳ ነበር። ጉግሱ፣ የፈረስ እሽቅድምድሙ፣ የገና ጨዋታው ሁሉ እዚያ ነው። ተጫዋቹ ወንድ ነው። ሴቶች ዳር ቆመው ያያሉ፣ እልል ይላሉ፣ ወደ ቤት ተመልሰው ለተጫዋቹ ራት ያቀርባሉ።

ለሴቶች ሜዳው የእነሱ የሚሆነው በጥምቀት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በየካ ለምንኖር ደግሞ ጥምቀት በጥር 11 አያልቅም፤ የካ ሚካኤል በጥር 12 ነው ወደ ደብሩ የሚመለሰው፣ እኛም አብረን እንመለሳለን። ታላላቆቻችንን «መቼ ነበር የምትዝናኑት?» ብለን ስንጠይቃቸው መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። «እኛ ምን መዝናናት እናውቃለን» አሉን። ጥቂት ቆይተው ግን ስለ ጥር 12 ማውራት ጀመሩ። ነጠላው፣ ሹሩባው፣ ሎሚ የወረወረው ጎረምሳ፣ እግራቸው እስኪዝል የጨፈሩት ጭፈራ ተነሣ። አንዷ እናታችን ሎሚ የወረወረባቸውን ሰው አግብተው አራት ልጅ ወልደዋል። «ዓላማው አልሳተም» አሉን።

እንዲህ እየቆጠርን ስንሄድ ዝርዝሩ ረዘመ። የጽዋ ማኅበር አለ፤ የእቁብ ቀን አለ፤ ፈትል ይዞ ጎረቤት ቤት መዋል አለ፤ ጸበል ቦታ ሄዶ መሰንበት አለ። ቀበና ወንዝ ወርዶ ልብስ ማጠብም እዚህ ውስጥ ገባ፤ ልብሱ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ድረስ ያለው ጊዜ የማንም አልነበረም። አንዳቸውንም «መዝናኛ» ብሎ የጠራቸው የለም። በሒሳብ ቋንቋ ስንናገር፣ የነበረ ነገር ግን መዝገብ ላይ ያልወጣ ሀብት ነው።

አሁን ወደ እንጦጦ እንመለስ፤ ይህ ጽሑፍ ያለ እንጦጦ ሙሉ አይሆንም። በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ተተከለ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ግንባታም ተጀምሮ ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን እዚሁ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ነው። ዛፉ ግን በራሱ እግር ወደ ገበያ አይወርድም። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምጣድ ያሞቀው ቅጠልና ጭራሮ የወረደው በሴቶች ጀርባ ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ፣ ካልሆነም እናቶቻቸው፣ በዚህ ሥራ ያለፉ ናቸው።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሽቅብ መውጣት ነው። ቅጠሉን ጠርጎ፣ ጭራሮውን ለቅሞ፣ ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ እስር በገመድ አስሮ ቁልቁል መውረድ ነው። ዘበኛ ካጋጠመ ገመዱም፣ ሸክሙም፣ የቀኑ ዳቦም ይቀራል፤ ከዚህ የከፋ የደረሰባቸውም አሉ፣ ሊነግሩን አልፈለጉም፣ እኛም አልጎተጎትናቸውም። ብዙ የጠየቅናቸው ስለ ማረፊያው ነው። በመንገዱ ላይ አፈሩ በወገብ ልክ የተቆረጠባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ሸክሙን ከዚያ ላይ አስደግፎ፣ ገመዱን ከደረት አላልቶ መቆም ይቻላል። መሬት ላይ መቀመጥ አይቻልም፤ የተቀመጠች ሴት ሌላ ካላሸከመቻት አትነሣም። ስለዚህ ተጠባብቀው ነው የሚያርፉት። አንዷ ቆሎ ታወጣለች፣ አንዷ ስለ ባሏ ታወራለች፣ ሌላዋ የዘበኛውን አረማመድ እየቀዳች ታስቃቸዋለች። «ሳቁ ሸክሙን ያወርደው ነበር፤ ቆይቶ ግን ይብስበታል፣ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል» ያሉን እናት አሉ።

ማኅበራችን በወረቀት ሳይመዘገብ በፊት ምን እንደነበረ ከአዲሶቹ አባላት ብዙዎቹ አያውቁም። እኛም ሰነዶቹን ስናገላብጥ ኖረን አላወቅንም፤ ሰነዱ የሚጀምረው ከምዝገባው ቀን ነውና። ታላላቆቻችን እንደነገሩን ግን የመጀመሪያው የሳንቲም እቁብ የተጣለው በዚያ ማረፊያ ላይ ነው። ሰባት ሴቶች ነበሩ። ሰብሳቢዋም ዘበኛውን እየቀዱ ያስቁ የነበሩት እናት ናቸው፤ ከሁሉም ጋር ስለሚግባቡ ነው የመረጧቸው። ለረጂያችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ግማሹ እዚህ አለ። በሒሳብ መዝገባችን ቁጠባ ከመጀመሪያው ገጽ፣ መዝናኛ ከመጨረሻው ገጽ ነው። አመጣጡ ግን በተቃራኒው ነበር።

በደርግ ዘመን መዝናኛ መሥሪያ ቤት አገኘ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌዎችንም ፈጠረ፤ ቀበሌዎቹ ደግሞ አዳራሽ፣ የኪነት ቡድን፣ የእግር ኳስ ቡድንና «መዝናኛ ክበብ» አመጡ። የቀበሌ መዝናኛን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ሻይ በርካሽ፣ ቢራ በርካሽ፣ ከረምቡላ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ። ጥሩ ነገር ነበር፣ ማንቋሸሽ አንፈልግም። ነገር ግን እናቶቻችን ስለ ክበቡ ሲያወሩ ስለ ወጥ ቤቱ ነው የሚያወሩት፤ ከወጥ ቤቱ ወዲህ አላለፉምና። ከረምቡላ የመታች እናት ፈልገን አጣን። ኪነት ውስጥ የገቡ ልጃገረዶች ነበሩ፣ አንዳንዶቹም ከቤት ተደብቀው።

ያልጠበቅነው መልስ ግን መጣ። «ደስ ይለን የነበረው መሠረተ ትምህርት ነው» አሉን ሦስት እናቶች፣ በተለያየ ቀን። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ግዴታ ነበር፤ መቅረት ያስጠይቃል። ለእነሱ ግን ግዴታው ራሱ ፈቃድ ሆነላቸው። ባል «የት ነበርሽ?» ብሎ ሊቆጣ አይችልም፤ መንግሥት ነው የጠራት። በቀን ሁለት ሰዓት ምንም ሳይሸከሙ፣ ምንም ሳይጋግሩ ከሴቶች ጋር መቀመጥ። ፊደሉን ቆጠሩ፣ ሐሜቱንም ጨረሱ። ይህን የሰማን ቀን የቀኑን ደረሰኝ ሳንመዘግብ ነው ወደ ቤት የገባነው።

እኛ የ1980ዎቹ ልጆች ደግሞ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ፣ ፔፕሲና ገመድ ዝላይ አለን። ሱዚው ከአሮጌ ካልሲ ይቀጠላል፤ ሰኞ ማክሰኞው በከሰል ይሠመራል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አዳራሽ የማይፈልግ ጨዋታ ነው። የሚያልቀው በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ ሦስት ዓመታችን ነው፤ «አድገሻል» እንባልና ጀሪካን እንይዛለን። ወንድሞቻችን በዚያው ዕድሜ ኳሱን ይዘው ወደ ሜዳ ይሄዱ ነበር። በኋላ የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላት በየወረዳው ሲከፈቱ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለሴት ልጆቻችን ጠቅሟል፤ ከዚያ ያለፈውን ክፍል ግን የሞላው የወንዶቹ ኳስ ማየት ነው።

ሴት ሜዳ ላይ መታየት ነውር መሆኑ የቀረልን በሯጮቻችን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሯጮቻችን ልምምድ ከሚያደርጉባቸው ቦታዎች አንዱ እንጦጦ ነው። ማለዳ እነሱ በጫማ ሽቅብ ሲወጡ፣ እናቶቻችን በባዶ እግር ቁልቁል ሲወርዱ በአንድ መንገድ ይተላለፉ ነበር። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት 5 ኪሎ ሜትር ደግሞ በ1996 ዓ.ም.። ከእኛም የሮጡ አሉ። የሮጡ ማለት አንድ ሦስተኛውን የሮጡ፣ ቀሪውን እየዘፈኑ የተጓዙ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. መንገዶች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ሲዘጉ፣ አስፋልት መሃል ሱዚ የዘለሉ የአርባ ዓመት ሴቶች አይተናል፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ የእኛ ናቸው።

እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። የእግር መንገድ አለው፣ ፈረስ አለው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ከዛፍ ዛፍ መሻገሪያ አለው፣ ቡና ቤት አለው። እኛም ባለፈው ዓመት የሄድነው ወደዚያው ነው፤ ያከራከረውም ወጪ የዚያ ጉዞ ነው። ገመዱና ፈረሱ ዋጋቸው ከበጀታችን ውጭ ነበር፤ መንገዱን ግን ተጓዝን። ከእናቶቻችን አንዷ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደክሟቸው መስሎን «እትዬ፣ እንያዝዎት?» አልናቸው። «አይ፣ እዚህ ጋ እኮ ነው የማርፈው» አሉ። ከዚያ ወደ ዳር ሄደው ጀርባቸውን ለአፈሩ ሰጥተው፣ ሸክም እንዳስደገፈ ሰው ቆሙ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አጠገባቸው ተደረደሩ። አግዳሚ ወንበሩ አሥር እርምጃ ላይ ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም። አንዷ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈቱ። ወጣቶቹ ስልካችንን አውጥተን ልናነሣቸው ስንል «ተዉን እስቲ» ብለው መለሱን። ዘበኛውን የመቅዳቱ ነገር ተጀመረ፤ የዛሬው ዘበኛም ከወዲያ ቆሞ ይስቅ ነበር። ሲመለሱ እኚያ እናት እጆቻቸውን ግራና ቀኝ እያወናጨፉ «በዚህ ቁልቁለት ባዶ እጄን ስወርድ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሚዛን አሳጣኝ» አሉን።

እስካሁን ይህን ወጪ የምናስገባው «ልዩ ልዩ» ሥር ነበር፤ ከፎቶ ኮፒና ከጠመኔ ጋር። ለሚቀጥለው ጉባኤ ባዘጋጀነው ረቂቅ የራሱ የሒሳብ ቁጥር ሰጥተን ከተዘዋዋሪ ብድሩ ቀጥሎ አስቀምጠነዋል። መጠኑን አልጨመርነውም። ምጣዱ ይቅደም የሚሉ እህቶቻችን ሐሳብም ክብደት አለውና ሁለቱንም አማራጭ በአንድ ገጽ አሳይተናል፤ ድምፅ የሚሰጠው ጉባኤው ነው። ለማንኛውም የአውቶቡስ ኪራይ ከሦስት ቦታ አስጠይቀናል። የረከሰው ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ይዘናል።