የሕፃናት ጉዳይ በቤተ ዘመድና በሽማግሌ ሲወሰን፦ ልማዱ፣ ሕጉና ድንበሩ

በመካነ ሰላም፣ በሳይንት፣ በወግዲና በሌሎች የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋማ አካባቢዎች እናት ወይም አባት ሲሞት “ልጆቹን ማን ያሳድጋቸው?” የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ የሚያነሳው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ቤተ ዘመድ ነው። ቀብሩ ተፈጽሞ፣ ሐዘኑ ጋብ ሲል አያት፣ አጎት፣ አክስትና ሽማግሌ ይቀመጣሉ። የልጁ መኖሪያ፣ ትምህርቱ፣ ከብቱና መሬቱ በዚያ ሸንጎ ይነሳሉ። በዚያ የሚሰጠው ውሳኔ ለልጁ ጋሻ ሊኾነው ይችላል፤ ድንበሩን ካለፈ ደግሞ መብቱን ያሳጣዋል።

በወሎ ይህን ኀላፊነት የሚሸከሙ ነባር ተቋማት በርካታ ናቸው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚቀባበርበት ቅሬ ሐዘንተኛውን ቤት በጉልበትና በእህል ይደግፋል፤ ማን ያለ ጠዋሪ እንደቀረም ቀድሞ ያውቃል። አበጋሮች ደም የተቃቡ ወገኖችን በማስታረቅ ልጆች የአባቶቻቸውን ቂም እንዳይወርሱ ያደርጋሉ። የክርስትና አባትና እናትም በልጁ አስተዳደግ ላይ ቃል አለባቸው። በቀደመው ዘመን ባዕድ ልጅ “የጡት ልጅ” ተብሎ፣ ማር የተቀባ የአሳዳጊውን ጣት በመጥባት፣ ወደ ቤተሰብ የሚገባበት ሥርዓትም በአማራው ዘንድ የታወቀ ነበር።

ሕጉ ይህን ልማድ አልናቀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተ ዘመድ ጉባኤ ቦታ ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ወላጅ በኑዛዜ ሰው ካልመረጠ አያቶችን፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እኅቶችን፣ አጎትና አክስቶችን ለሞግዚትነትና ለአሳዳሪነት ይጠራል። የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ መሠረት እንዲዳኝ በር ከፍቷል። አንቀጽ 36 ግን የሁሉም መመዘኛ የሚኾነውን መርሕ አስቀምጧል፦ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ቀዳሚ ሊኾን የሚገባው የሕፃኑ ደኅንነት ነው።

ይህ መርሕ በገጠር በግልጽ የሚፈተነው በመሬት ላይ ነው። ወላጁን ያጣ ልጅ ከእርሻ ማሳ ጋር አብሮ ወደ ዘመድ ቤት ይገባል። ማሳውን የሚያርሰው ወይም የሚያከራየው አሳዳጊው ነው። ልጁ ሲያድግ “የአባቴ መሬት የት አለ?” ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ሰነድ ከሌለ ጉዳዩ ዘመድን ከዘመድ ወደሚያካስስ ክርክር ይለወጣል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ልጁን ለማን እንደሚሰጡ ብቻ ሳይኾን ማሳው፣ ከብቱና ቤቱ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ከምርቱም ለልጁ ምን እንደሚውል መነጋገር ይገባቸዋል። ስምምነቱ በወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞግዚትነቱ ሲረጋገጥ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩም የልጁን መብት ሲያሳይ ቃሉ በሰነድ ይጸናል። ጉዲፈቻ ከኾነ ደግሞ የፍርድ ቤት ማጽደቅ ግዴታ ነው።

ሽምግልና የማይደርስባቸው ጉዳዮችም አሉ። በሕፃን ላይ የተፈጸመ አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ ወንጀል ናቸው፤ በካሳና በእርቅ አይዘጉም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ይዞ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮታል። ከ13 ዓመት በታች የኾነችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 ዓመት የሞላትንና ለጋብቻ ያልደረሰችን ያገባ እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ዕድሜ በግምት እንዳይነገር የሚያደርገው ደግሞ የልደት ምዝገባ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ማኅበረሰብ ራሱ ሲወስን ልማድ እንደሚለወጥ በክልሉ የታየ ምሳሌ አለ። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ፣ ሞሰቦ ላይ የተጀመረው “ብርሃነ ሔዋን” የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በቡድን አሰባስቧል፤ የትምህርት ቁሳቁስ አቅርቧል፤ ነዋሪውንም በማኅበረሰብ ውይይት አሳትፏል። ልጃገረዷ ሳትዳር ከቆየች እርሷና አሳዳጊዋ በጋራ ፍየል ይሰጣቸው ነበር። ጥናቱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ጋብቻ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ግን በዚያው መጠን አልጠበቀም። ውይይቱ እስከ 18 ዓመት ካልዘለቀ ጋብቻው ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የማኅበረሰቡ ድርሻ በሀገር ደረጃም ከፍ ብሏል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ሕፃናትን ለውጭ ሀገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን በአዋጅ ቁጥር 1070 ከልክላለች። ወላጅ ያጣ ልጅ በዘመድ፣ በአደራ ቤተሰብ ወይም በሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ እንዲያድግ የሚጠበቀው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ነው።

ይህ መንገድ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ኒው ዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ልጆች ከወገናቸው እየተነጠሉ በባዕድ ቤትና በመንግሥት ተቋም ማደጋቸው ቅሬታ ካስነሳ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ሕግ የቤተሰብ ጉባኤን የልጆች ጥበቃ ዋና መድረክ አድርጋለች። አስተባባሪው መረጃውን ለዘመድ አዝማድ ያቀርባል፤ ከዚያም ቤተሰቡ ባለሙያዎች በሌሉበት ብቻውን ይመክራል፤ ያወጣው ዕቅድም በመንግሥት አካል ይታያል። ካናዳም ነባር ሕዝቦች በልጆቻቸው ጉዳይ የራሳቸውን ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳላቸው የሚያረጋግጥ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ቤተ ዘመድ ልጁን ከባለሥልጣን ይልቅ ያውቀዋል፤ ኾኖም በማሳው ላይ ጥቅም ያለውም እርሱው ነው። ስለዚህ በሸንጎው የእናት ወገንም የአባት ወገንም ይገኝ፤ ሴቶች ከጓዳ ወጥተው ይናገሩ፤ ልጁም እንደ ዕድሜው ይጠየቅ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ይህንኑ ያዛል። የተወሰነው ይጻፍ፤ ለፍርድ ቤት ይቅረብ። ወንጀል ካለ ደግሞ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይነገር። ሽማግሌ የልጁን ማደሪያ ሊወስን ይችላል፤ በልጁ ላይ የተፈጸመን ወንጀል ግን ይቅር ሊል አይችልም።