የሴቶች ሩጫና የውሳኔ ሥልጣን በኦሊምፒክ ታሪክ

የስፖርት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በአሸናፊዎች ስምና በተመዘገበ ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ከማንኛውም ሩጫ አስቀድሞ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ማን እንደሚሮጥና ምን ያህል ርቀት እንደሚሮጥ የሚወስነው ማን ነው? የሴቶች የኦሊምፒክ ሩጫ ታሪክ የዚህን ጥያቄ ክብደት በግልጽ ያሳያል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1896 በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ አንዲትም ሴት አልተወዳደረችም። በ1900 በፓሪስ ሴቶች በቴኒስና በጎልፍ ቢካፈሉም የአትሌቲክስ በር ተዘግቶባቸው ቆየ። የኦሊምፒክ መሥራች ፒየር ደ ኩበርታንም የሴቶችን ተሳትፎ ይቃወሙ ነበር። ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚሊያ ግን በአቤቱታ ብቻ ሳይወሰኑ በ1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን እንዲቋቋም አደረጉ፤ በማግሥቱ ዓመትም በፓሪስ የሴቶች ውድድር ተካሄደ። በዚህ ግፊት የተነሣ በ1928 በአምስተርዳም አምስት የአትሌቲክስ ውድድሮች ለሴቶች ተፈቀዱ።

ከእነዚህ አንዱ የ800 ሜትር ሩጫ ነበር። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ አሸነፉ፤ ለፍጻሜ የቀረቡት ዘጠኙም ሯጮች ውድድሩን ጨረሱ። ይህም ሆኖ የሯጮቹ ድካም በጋዜጦች ተጋንኖ ተጻፈ፤ ርቀቱም ለሴት ተፈጥሮ አይስማማም ተብሎ ተሰረዘ። እንደገና የተፈቀደው ከ32 ዓመት በኋላ በ1960 በሮም ነው። ወንድ ሯጭ ሲደክም የጀግንነት ምልክት ተደርጎ የሚታየው ነገር፣ በሴት ላይ ሲታይ የአቅም ማነስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በዚያን ዘመን በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ውስጥ አንዲትም ሴት አባል አልነበረችም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች የገቡት በ1981 ነው።

የሴቶች ማራቶን በ1984፣ የ10,000 ሜትር ሩጫ ደግሞ በ1988 ተጨመሩ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ያገኙት በእነዚሁ አዲስ በተከፈቱ ርቀቶች ነው። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ከሃያ ዓመት በፊት ተወልደው ቢሆን ኖሮ ችሎታቸው የሚለካበት መድረክ ባልኖረ ነበር። ደራርቱ ቆየት ብለው ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መሩ። የዓለም አቀፉ ኮሚቴ በበኩሉ ዚምባብዌያዊቷን ኪርስቲ ኮቨንትሪን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት አድርጎ የመረጠው በ2025 ነው።

ይህ ታሪክ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ልጃገረዶችን በሩጫ ማሰለፍ ብቻውን እኩልነትን አያስገኝም። የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኮሚቴ የሚመራው፣ ሜዳውንና ሰዓቱን የሚደለድለው፣ ፊሽካውን የሚይዘው ማን እንደሆነ አብሮ መታየት ይኖርበታል። በአምስተርዳም የጎደለው የሴቶቹ ጉልበት አልነበረም፤ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰማ ድምፅ ነበር።