የትከሻ ጉዳት ስያሜዎች፡ ከወጌሻ እስከ ራጅ

የአንድ ሙያ ቃላት ከየት እንደ መጡ መመርመር የሙያውን ታሪክ መመርመር ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሰሚት፣ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ ትከሻውን የተጎዳ ሠራተኛ ወደ ወጌሻም ይሂድ ወደ ሐኪም፣ ስለ ጉዳቱ የሚነገሩት ቃላት ሦስት የታሪክ ንብርብሮች አሏቸው።

የመጀመሪያው የአማርኛ የራሱ ነው። «ስብራት» ከ«ሰበረ»፣ «ውልቃት» ከ«ወለቀ»፣ «ወለምታ» ደግሞ «ወለም አለ» ከሚለው ጥምር ግሥ ይወጣሉ። የተሰበረው ይከፈላል፤ የወለቀው ቦታውን ይለቃል፤ ወለም ያለው ዞር ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ንብርብር የአካሚው ስም ነው። «ወጌሻ» በኦሮምኛ «ባለሙያ» ማለት ከሆነው «ኦጌሳ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባል። ቃሉ ከመንደር አልፎ በእግር ኳስ ሜዳ የቡድን አካሚ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

ሦስተኛው የመሣሪያው ንብርብር ነው። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘበት፣ የዐድዋ ጦርነት የተካሄደበትና የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ቁስለኞችን ለማከም የመጣበት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር አንድ ዓመት፣ 1888 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ቃላቱ ከሩሲያኛ አልተወሰዱም፤ «ራጅ» ጨረር ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል፣ «ጄሶ»ም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው።

ችግሩ የሚነሣው ተርጓሚው ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን በአንድ ቃል ሲጠራ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ከጎድጓዳ መቀመጫው ሲወጣ ውልቃት ነው፤ ከ100 ወደ 95 ያህሉ ወደ ፊት የሚወጣ ነው። ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚዘረጋው አጥንት ከትከሻው ጫፍ ሲለቅ ግን ሌላ ጉዳት ነው። የመጀመሪያው ራጅ ተነሥቶ፣ የነርቭና የደም ዝውውር ሁኔታ ተመርምሮ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ቀላል ከሆነ ክንድን በጨርቅ በአንገት አንጠልጥሎ በማሳረፍና ቀስ በቀስ በማንቀሳቀስ ይድናል። የዚሁ አጥንት ስብራትም በአብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ይጠግናል።

ስለዚህ ውልቃትን «ወለምታ» ብሎ መተርጐም የአነጋገር ጉድለት ብቻ አይደለም። አንባቢው ወለምታ የሚታሽ ነው ብሎ ስለሚያምን የተሰበረ ወይም የወለቀ ትከሻ ይታሻል። በቀርከሃ ስንጥር ከልክ በላይ ተጠብቆ የታሰረ ክንድም ደም ተከልክሎ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ ሐኪሞች በተደጋጋሚ መዝግበዋል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «ውልቃት» ለክንድ አጥንት ራስ ብቻ ቢወሰን፣ ለሁለተኛው «የትከሻ ጫፍ መላቀቅ» ቢባል፣ «ወለምታ»ም አጥንት ቦታውን ላልለቀቀበት ጉዳት ቢጠበቅ መልካም ነው። «ራጅ»ና «ጄሶ» ግን ሕዝቡ የተቀበላቸው ስለ ሆኑ ምትክ መፈለግ አያሻም። ሰሚትም የውጭ ቃል ሆኖ ሳለ የሰፈር ስም ለመሆን የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም።